የአውራ ጣት ልብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ራሒማ መጣች። የነርስ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ በየቤቱ እየዞረች የሰው እጅ ስትለምን ትውላለች፤ ልምምድ ነው።

“እማማ ፋጡማ፣ የልብ ምትዎን ልቁጠርልዎት?” ብላ የእጄን አንጓ ያዘች። በአውራ ጣቷ።

“አንሺው!” አልኳት፣ ልጅቷ እስክትደነግጥ ድረስ። “በአውራ ጣት አይቆጠርም። እሱ የራሱ ምት አለው፤ የራስሽን ልብ ቆጥረሽ የኔ ነው ትያለሽ።”

እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። እኔ ይህን ያወቅሁት በቅናት ነው።

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ዘመን፣ አሶሳ ውስጥ ቢሮ ሊሆን ያልታጨ ቤት ባልነበረበት ጊዜ፣ ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ተመረጥኩ። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። የምንማርበት ክፍል ግድግዳው ቀርከሃ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ የማንጎው ሽታ በቀርከሃው መሀል ሾልኮ እየገባ ትምህርቱን ያስረሳን ነበር።

አስተማሪያችን ሲስተር ጥሩነሽ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ የአገሯን ብርድ ስትናፍቅ የምትውል ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከሥጋ ቤት የፍየል ልብ አምጥታ በቢላ ከፈለችውና የግራውንና የቀኙን ግድግዳ በጣታችን አስነካችን። ግራው ይወፍራል።

“ቀኙ ደሙን የሚልከው እዚሁ ጎረቤት፣ ሳንባ ድረስ ነው” አለችን። “ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ይገፋል። ያወፈረው ሥራ ነው። ደግሞ ምቱ ከራሱ ነው የሚነሳው፤ ምታ የሚለው አይፈልግም።”

ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ቧንቧ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ይባላል ስትል፣ አጠገቤ የሚቀመጠው አላሚን እጁን አወጣ።

“ሲስተር፣ መልስ ካለ ጥያቄ የት አለ?”

ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እሷም እየሳቀች፣ “ደም ቅዳ ይጠይቃል፣ ደም መልስ ይመልሳል ብለህ ያዘው” አለችው።

አላሚን የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ሲስተር እኔን አጠገቡ ያስቀመጠችኝም እንዳግዘው ብላ ነበር። ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” ነበር የሚለው፤ ሲስተርን ሳይቀር። “አንቺ በል” እለዋለሁ። “እሺ፣ አንተ ተቆጣህ?” ይለኛል። አፍ አውጥቼ አልናገርም እንጂ ያ “አንተ” ከማር ይጥመኝ ነበር።

ዕዳዬ አብራን የምትማረው ሐዋ ነበረች። ሐዋም በርታ ናት። በዕረፍት ሰዓት ማንጎ ይዛ ትመጣና በርትኛውን ይጀምሩታል። ከኔ ጋር ቃል ፍለጋ የሚደናቀፈው ሰው ከእሷ ጋር ሲሆን ምላሱ ይፈታል። ይስቃሉ። አንዴ መሀል ላይ ስሜን ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ይወቀው። “ምን አለችህ?” ስለው “ምንም” አለኝ። ምንም ይህን ያህል ያስቃል? የሰጠችኝን ማንጎ እንኳ ጎመዘዘኝ ብዬ መለስኩላት። ወላሂ ከዚያ የጣፈጠ ማንጎ አልነበረም። ቅናት ሆድንም ይከለክላል።

የልብ ምት የምንለማመድበት ቀን መጣ። ሲስተር ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስታስቀምጠን ሐዋ ለኔ ደረሰችኝ። ዛሬ ልብሽን በእጄ አገኘሁት አልኩ በሆዴ። አንጓዋን ጭብጥ አድርጌ ጠበቅሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው አላሚን ቀና ብሎ ወደኛ ፈገግ ሲል፣ ከጣቴ ሥር ያለው ነገር መጋለብ ጀመረ። ያዝኩሽ!

“ስንት ሆነ?” አለች ሲስተር።

“ከመቶ ሠላሳ በላይ” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። “ልቧን የሚያስሮጣት ነገር አለ።”

ሲስተር መጥታ እጄን አየች። “አውራ ጣትሽን አንሺ።” የራሷን ሁለት ጣቶች አሳርፋ፣ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። “የሐዋ ሰባ ሁለት ነው፤ የተኛች ነው የምትመስለው። አንቺ የቆጠርሽው የራስሽን ነው። በይ ንገሪን፣ ልብሽ ወዴት ነው የሚሮጠው?”

የዚያን ቀን ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐዋ ግን አልሳቀችም። እኔን አየች፣ አላሚንን አየች፤ ገባት። ስንወጣ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

“አንቺ ጅል! አላሚን የእናቴን ጡት ጠብቶ ነው ያደገ። ወንድሜ ነው፤ ለኔ ሐራም ነው። ስላንቺ እያወራ እኮ ነው ጆሮዬን ያደነቆረኝ!”

አላሚን ከኋላችን ደረሰ። ሊናገር ፈለገ፤ አማርኛው አልመጣለትም። አንጓውን ዘረጋልኝ።

“ቁጠር” አለኝ። “በሁለት ጣት።”

ያዝኩት። ከመፍጠኑ የተነሳ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

“ይሄ መልስ ነው” አለ። “ጥያቄ ካንተ መጣ።”

ተጋባን፤ ወልደን ድረናል። ዛሬም “አንተ” ይለኛል፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ።

ትናንት ራሒማ ጣቶቿን አስተካክላ እንደገና መቁጠር ስትጀምር የአላሚን ስልክ ጮኸ። ሐዋ ናት፣ ከግልገል በለስ። በርትኛውን ጀመሩት። እኔ እስከ ዛሬ የገበያውንና የሰላምታውን ያህል እንጂ አልዘለቅኩትም። ሳቀ፤ መሀል ላይ ስሜን ጠራ፤ ደግሞ ሳቀ። እህቱ ናት፣ አውቃለሁ። ማወቅ የጭንቅላት ሥራ ነው፤ ልብ ግን ሲስተር እንዳለችው ምታ የሚለው አይፈልግም።

“እማማ፣ ኧረ በጣም ፈጠነ!” አለች ራሒማ።

“አውራ ጣትሽ ይሆናል” አልኳት።

“ኧረ ሁለት ጣት ነው፣ ይዩት” አለችኝ።