ወተቱን ያልጠጣው ባልደረባዬ

ስለ ኦዳ ለምን እንደማልጽፍ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ሰውና ግመል በሽታንና መድኃኒትን እንዴት እንደሚጋሩ ሳጠና ነው ያረጀሁት፤ ጥናቱን የጀመርኩትም በኬንያ በኩል ካለው ሞያሌ ወጣ ብሎ ኦዳ መንደር፣ የእናቴ ጓደኛ ቤት ነበር። ዝም ማለቴ የጠቀመው አንድን ሰው ብቻ ስለሆነ አሁን ልናገር።

ሞባይል ስልክ ሞያሌ በገባ ሰሞን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ ጋር ወደዚያው ቤት ሄድን። በማዕረግ ይበልጠኛል፤ እንደ እኔው የድንበር ልጅ ነው። አክስቴ የምላት ይህች የእናቴ ጓደኛ አንድ ዓይና ባልቴት ናት፤ ልጆቿን ያሳደገችው የግመል ወተት ሶኮ፣ ገበያው ላይ፣ አውጥታ እየሸጠች ነው። በዚያ ቤት ምስጢር የሚነገረው ወተት ከተጠጣ በኋላ ነው፤ የጠጣ አያወራም። ይህን እሱም ያውቃል።

ለሁለታችንም ቀዳች። እኔ ጠጣሁ። እሱ ከንፈሩን ነካ አድርጎ ከጎኑ አስቀመጠው።

«ዳክታሪው ግመል ይፈራል እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ናይሮቢ ወተት የሚታለበው ከካርቶን ነው መሰለኝ!»

እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ነገረችን፤ ግመሎቿ እየጨነገፉ ነው፣ እሷንም ትኩሳት ይመላለስባታል። ወተቱን አፍልታ እንድትሸጥ ለመንኳት፤ እሺ አለች።

የእሱ ጽሑፍ ሲወጣ ስሟ የለበትም። «የኦዳዋ አንድ ዓይና ወተት ሻጭ» ይላል። ኦዳ ውስጥ አንድ ዓይና ወተት ሻጭ ስንት አለች? የመንግሥት እንስሳት ሐኪሞች መጡ። ወሬው ሶኮ ደረሰ፤ የማንያታ ሰፈር ደንበኞቿ እሷን አልፈው ከጎኗ ካለችው ሴት መግዛት ጀመሩ።

ናይሮቢ ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮኽኩበት።

«እህቴ፣» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «የጠጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልጠጣሁም።»

በሽታ የፈራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፉን ነጻ እያደረገ ኖሯል። ዛሬ የጥናት ሥነ ምግባር ያስተምራል፤ የሰው ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ። ተማሪዎቹ ይወዱታል አሉ።

ወደ ኦዳ ተመለስኩ። አክስቴ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ ግቢ አላለችኝም።

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያመጣሽው ግን አንቺ ነሽ። ለቅሶ ሲሆን ነይ፣ ሠርግ ሲሆን ነይ። እንግዲህ ግን ምንም እንዳትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኳትም። ከዓመታት በኋላ ስትሞት ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን በሙሉ በሽታ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ ምን እንደገደላት እንኳ ሳልጠይቅ ተነሥቼ ወጣሁ።