ሦስተኛው እምቢልታ

ወሎ ሰፈር ከመንገዱ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩት የቀርከሃ ወንበሮች ዝናብ መትቷቸው ሲሸቱኝ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል። አባቴ በንጉሡ ዘመን የቤተ መንግሥት እምቢልታ ነፊ ነበር፤ ዘመን ተለውጦ ዘበኛ ከሆነ በኋላም ሦስቱን ረጃጅም የቀርከሃ እምቢልታዎች ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ በጋ ሲገባ እንዳይሰነጠቁ ውሃ ያጠጣቸው ነበር። እናቴ «ከኛ ቀድመው ይጠጣሉ» እያለች ታሾፍበት ነበር።

እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ከሁለት ድምፅ በላይ ስለማያወጣ፣ ዜማ የሚሆነው ሦስት ሰዎች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። ክረምት ክረምት ጋሽ ይመርና ጋሽ ተሰማ፣ የድሮ ባልደረቦቹ፣ እኛ ቤት እየመጡ አብረውት ይለማመዱ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ ከውጭ እንግዳ ጋር ቤተ መንግሥት የመጣ፣ ጉርድ ቀሚስ የለበሰ የስኮትላንድ ነፊ አይቶ ነበር፤ ሰውየው ቧንቧዎች የተሰኩበት የአየር ከረጢት ታቅፎ ዜማውንም አጃቢውንም ብቻውን ይነፋዋል፣ ዜማውን የተማረውም አባቱ በአፉ እያዜመለት ነው። «እሱ ብቻውን ሦስት ሰው ነው፤ እኛ ሦስታችን አንድ ሰው ነን» ይል ነበር አባቴ፣ እየቀና ይሁን እየኮራ ሳይለይ።

መስቀል ሰሞን ጋሽ ተሰማ ሞተ። አባቴ ምትክ ፈልግ ሲባል እምቢ አለ። ጥር ላይ ግን ባምቢስ አካባቢ ለጎረቤት ሰርግ ቃል ገብቶ ስለነበር ከጋሽ ይመር ጋር ሄዶ፣ የጋሽ ተሰማ ተራ በደረሰ ቁጥር ሁለቱም ዝም እያሉ ነፉ። ሰርገኛው የተሳሳቱ መስሎት ሳቀ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ሲሳቅበት ማየት አልቻልኩም፤ የጋሽ ተሰማ ተራ ሲደርስ የጎደለውን ድምፅ በአፌ አወጣሁት። አባቴ ዞሮ ሳያየኝ ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

በማግስቱ የጋሽ ተሰማን እምቢልታ አቀበለኝ። «ሴት ልጅ ስትነፋው አላየሁም» አለ።

«ታዲያ አሁን ታያለህ» አለው ጋሽ ይመር።

ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት አብሬያቸው ነፋሁ። የእሱንም ተራ እንዲያስተምረኝ ስለምነው «ለኔ ተራ እኔ አለሁልሽ፣ አንቺ ያንቺን ጠብቂ» ይለኝ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ልማድ እንደዚያ ነበር፣ ማንም የሌላውን ተራ አይነካም። እኔም አመንኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጋሽ ይመር ሞተ፣ አባቴም ተከተለው፤ ቤታችንም ፈርሶ ሰፈሩ በፎቅ ተሞላ። ያኔ ሰርጉ ላይ የጎደለው አንድ ሰው ነበር፣ አሁን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ልጄ ስልኳን ደግና «እማዬ፣ ዜማውን ስትነፊ ልቅረጽሽ» አለችኝ። ሁለቱን ድምፆቼን ነፍቼ እምቢልታውን ከአፌ አወረድኩ።

«በቃ፣ አለቀ?»

«አላለቀም፣ የአያትሽ ተራ ነው» አልኳት። ተራው እስኪያልፍ ሁለታችንም ጠበቅን።