ወንዙ ወደ ድሮ መንገዱ የተመለሰ ዕለት

ሰኞ ንጋት፣ ጋምቤላ

ከቤት ስወጣ ባሮ ገና ጉም ለብሷል። የሰይድ ፒክአፕ ሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ሳሙና፣ ጨውና ቆርቆሮ ተጭኖበታል። ሰይድ ወሎ ተወልዶ ጋምቤላ የከበረ ነጋዴ ነው። እኔ እዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ አኙዋ ነኝ፤ አስተምራለሁ፣ ክልላችን ባቋቋመው አዲስ ጋዜጣ ላይም እጽፋለሁ።

«መምህርት፣ ጋቢናው ያንቺ ነው» አለኝ።

የምንሄደው ከአቦቦ ወዲያ፣ ደጋው ወደሚጀምርበት ተራራ ግርጌ ነው። እዚያ በደርግ ጊዜ የተከፈተ የወርቅ ማውጫ ነበር። ወርቁን ለማጠብ ከተራራው የሚወርደውን ወንዝ ከመንገዱ አውጥተው በቦይ ወሰዱት። ከታች ለነበረው የአኙዋ መንደር የተረፈው ጭቃና ወርቁ የሚለይበት መርዘኛ ባዜቃ ነው፤ ዓሣው አለቀ፣ ሰዉም ተነሥቶ ሄደ። መንግሥት ተለውጦ ማውጫው ሲዘጋ ክልሉ ጉድጓዶቹን አስደፈነ፣ ባዜቃ የነካውን አፈር አስወጣ። አሁን ውሃው ተመርምሮ ይጠጣል ተብሏል። ያልተመለሰው ጥያቄ የጠራው ውሃ የማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ስብሰባ የተጠራው ለዚህ ነው፤ እኔም ለጋዜጣው ልጽፈው ነው የምሄደው።

ረፋድ፣ የአቦቦ መንገድ

ቀይ አቧራ፣ ከመኪናው የሚበልጥ ሣር፣ መንገድ አቋርጠው የሚሮጡ ዝንጀሮዎች። አቦቦ ላይ ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በላን። ሰይድ አጥንቱን እየለቀመ ሐሳቡን አወጣ።

«ማውጫው አጠገብ የሰፈሩት ያገሬ ልጆች ናቸው። ማንጎውም ሙዙም የሚጠጣው የቦዩን ውሃ ነው። ውሃውን ቢወስዱባቸው ወዴት ይሄዳሉ?»

«ከታች የነበሩትስ ወዴት ሄዱ?» አልኩት። «የእናቴ ዘመዶች ናቸው።»

ሒሳቡን ከፍሎ ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው ሲነሣ ነው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «እውነትሽን ነው» ያለው።

ከሰዓት በኋላ፣ ማውጫው

የተደፈኑት ጉድጓዶች ሣር አብቅለዋል። የማጠቢያው ብረት ዝጎ ቆሟል። ስብሰባው በድሮው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮው ያቃጥላል፣ በአንድ ወገን ሰፋሪዎቹ፣ በሌላው አኙዋዎቹ ተቀምጠዋል።

መድረኩን የያዘው የክልሉ የውሃ ባለሙያ ኡጁሉ ነው። ንግግሩን በአኙዋ ቋንቋ ከፈተ፤ ቀጥሎ ራሱ ወደ አማርኛ መለሰው። ልጅ ሆኜ ያየሁት የመንግሥት ስብሰባ ሁሉ የእኛ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው አስተርጓሚ የሚጠብቁበት ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎቻችን ከፊት ተቀምጠው፣ የራሳቸው ልጅ በቋንቋቸው ሲጠይቃቸው ሳይ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ከዚያ ኮርቼ የሽማግሌዎቹን መልስ በራሳቸው ቋንቋ መጻፍ ጀመርኩ።

የእናቴ ታላቅ እህት አርየት ተነሣች።

«የተወለድኩት እዚህ ወንዝ ዳር ነው። ልጆቼንም እዚሁ ነው የወለድኩት። ስንሄድ ማንም ሂዱ አላለንም፤ ውሃው ነው ያስወጣን። አሁን ድኗል፤ እኛም እንመለስ።»

ከሰፋሪዎቹ አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ። «ቦዩን እኛ አልቆፈርነውም። መንግሥት ጭኖ አምጥቶ አሰፈረን። በምን ጥፋታችን ነው የምንደርቀው?»

መጋዘኑ ተንጫጫ። ኡጁሉ እጁን ቢያነሣም የሰማው የለም። ያን ጊዜ የሰፋሪዎቹ ሽማግሌ ሼህ ይማም ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ፤ የራሳቸው ሰዎች ቀድመው ዝም አሉ።

«እኛ ስንመጣ ማውጫው አልነበረም» አሉ። «እነዚህ ሴቶች ከወንዙ ሲቀዱ ባይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ሲፈጀን ዓሣ እያመጡ ያበሉን እነሱ ናቸው። ወንዙ የነሱ ነው፤ ይህን ክጄ አላህ ፊት አልቆምም። ልጆቻችን ግን ከቦዩ ነው የሚበሉት። እናንተም አትርሱን።»

ኡጁሉ ቃል በቃል ተረጎመው። አርየት ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥግ ይዛ ተነጋገረች። ስትመለስ የተናገረችው ለሼህ ይማም ነው።

«ወንዙ መጀመሪያ መንገዱን ይሂድ። የሚተርፈው በቦዩ ይግባ። በጋው ሲጠና ሁላችንም እንጠጣ፤ አትክልቱ ይታገሥ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከመጋዘኑ ወጥተን የቦዩ አፍ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተከልን፤ የወንዙ ውሃ ከድንጋዩ ጫፍ በታች ዝቅ ሲል ቦዩ ይዘጋል። የሚጠብቁት ከሁለቱም ወገን የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ኡጁሉ ስምምነቱን ጽፎ የክልሉን ማኅተም አተመበት፤ ባለጉዳዮቹ ተከራክረው የተስማሙበትን ነገር ክልላችን ሲያጸና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ የቦዩ አፍ

የሁለቱም መንደር ጎልማሶች ጭቃ ውስጥ ገብተው ወንዙን ወደ ቦዩ ለማዞር የተጋደመውን ግንድ አብረው ነቀሉት። ውሃው ቅጠልና አረፋ እየገፋ ወደ ደረቀው መውረጃ ገባ። ሴቶቹ ከፊት ከፊቱ ሄዱ፤ ሲደርስባቸው እየሳቁ ወደ ዳር ወጡ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው።

የድሮው መንደር ቦታ ላይ አርየት ቆመች። ውሃው እስኪጠራ ጠበቀች፣ በእፍኟ ጠጣች፣ ከዚያ ለእኔ ቀዳችልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ አፈር አፈር ይላል።

ሼህ ይማምን ቦዩ ዳር አገኘኋቸው። ውሃው ከትናንቱ ቀጥኗል። «አንሷል፤ ግን ይሄዳል» አሉኝ። «ከላይኛው ማሳ ሙዙን አንሥተን ብዙ ውሃ የማይፈልግ ነገር እንተክላለን።»

ማክሰኞ ምሽት፣ ጋምቤላ

ሰይድ ቤቴ በር ላይ አወረደኝ። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ስለ ስብሰባው፣ ስለ እህቷ፣ ስለ ሼህ ይማም ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ይጠጣል?» አለች በመጨረሻ።

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

 ከዚያ ተነሥታ ወደ መንገዱ ወጣች፤ ሰይድ መኪናውን እያዞረ ነበር።

«ሰይድ ልጄ» አለችው በመስኮቱ፣ «ወደ ወንዛችን ተመልሰህ የምትሄደው መቼ ነው?»