የሚገለበጡት ሳጥኖች

ቤቴ ውስጥ ስጋጃ የምንሠራበት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። ብርሃኑ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይበቃናል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁሩን የበግ ጸጉር ከዳለቻው መለየት ስለሚያስቸግር እኔ ወደ መጽሐፌ፣ የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ ወደ ጎረቤት እንሄዳለን። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። መቋጠር ያስተማረችኝም እሷ ናት። ስታስተምረኝ አንድ ነገር አጥብቃ ከልክላኛለች፤ ያላለቀ ስጋጃን ርቆ ማየት። «ቀርበሽ ቁጠሪ እንጂ በር ላይ ቆመሽ አታድንቂ። እጅሽ ይሰንፋል» ትላለች። ስለዚህ የተሠራው ከታች ይጠቀለላል፣ የቀረው አንሶላ ይለብሳል። ሙሉውን የምናየው ተቆርጦ ሲወርድ ነው።

አምና እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሆቴል የምትከፍት ሴት በወረቀት የታተመ ንድፍ ይዛ መጣች። ነጭ፣ ጥቁርና ዳለቻ፤ ቀለም የማይነካው፣ በጉ ራሱ ይዞት የተወለደው። ሦስቱ ሲገጥሙ ሳጥን ይሆናሉ፣ ሳጥኑ በሳጥን ላይ ይደረደራል። ቁጥሩ የተጣራ ስለሆነ ገና ሳየው ወደድኩት።

አንድ ቀን እትዬ ለቅሶ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። አንሶላውን ገልጬ ስሠራ ውዬ ውኃ ላመጣ ወጣሁና ስመለስ ዓይኔ ከበሩ ላይ ስጋጃው ላይ አረፈ። ሳጥኖቹ እንደ ግንብ ድንጋይ ወደ ውጭ ወጥተው ቆመዋል፤ ነጩ አናታቸው ነው። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆየሁና ነጩ ወለል ሆነ፤ ሳጥኖቹ በሙሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ዓይኔን አሸሁ። ወጡ። ደግመው ገቡ። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጥኩት።

እናቴ አንኮበር እያለች ዓይኗ ሊጠፋ ሲል መጀመሪያ የተናገረችው ስለ መንገድ ነበር። «መንገዱ ከፍ ዝቅ ይልብኛል» አለችን። አንኮበር ከፍ ዝቅ የማይል መንገድ የት አለና፣ ሳቅንባት። ውሎ አድሮ እኛን የምትለየን በድምፃችን ብቻ ሆነ።

እኔ ማንበብ የቻልኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ከዘበኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ዓይኑን የማይወድ የለም፤ የእኔ መውደድ ግን ስስት አለበት። ገና ምን አነበብኩና?

መጀመሪያ ያጠፋሁት ቆጠራውን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቀርቤ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው። አላመንኩትምና አንድ ስንዝር ያህሉን ፈትቼ እንደገና ቋጠርኩ። ከበር ላይ ሳየው ያው ነው። ደግሜ ፈታሁ።

እትዬ በሦስተኛው ቀን መቀሱን አስቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ስቋጥር አንቺ ስትፈቺ ይሄ ስጋጃ የልጅ ልጆችሽ ሰርግ ላይ ሊነጠፍ ነው?»

«የልጅ ልጅ ከየት ይመጣል እትዬ፣ ባል እንኳ የለኝ።»

«እሱንም ፈትተሽዋላ!»

ሳቅን። ምን እንዳየሁ ግን ልነግራት አልቻልኩም፤ ከበር ላይ ማየቴን ማመን ይኖርብኝ ነበር። ደግሞም ብነግራት እውነት የሚሆንብኝ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት አንዱን ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ ከዚያ ሌላውን። አነበዋለሁ። ቢሆንም «ዛሬስ አነበብሽ፣ ነገስ?» የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ጾም ሊገባ ሲል እንደሚበላ ሰው መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ እደራርብ ጀመር፤ ያነበብኩት ግን አይረጋልኝም።

የታናሽ እህቴ ልጅ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ቅዳሜ ልብሷን ልታጥብ ስትመጣ ከስጋጃው ፊት ቆሜ አገኘችኝ።

«አክስቴ፣ ምን በደለሽ እንዲህ የምታፈጪበት?»

«ንድፉ የተሳሳተ ይመስለኛል። እስቲ በስልክሽ ፈልጊልኝ» አልኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ፎቶ አነሳችና ፈለገች። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ሥዕሎች አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ብዙዎቹ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው፤ በሕይወት የሌለ፣ እንጨት ላይ እየቀረጸ በወረቀት የሚያትም፣ ዓይን በማታለል ስሙ የገነነ የውጭ አገር ሠዓሊ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነጫጭ ወፎች ወደ ቀኝ ይበራሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ስታዪው ክፍተት ሳይሆን ወደ ግራ የሚበሩ ጥቁር ወፎች ናቸው። ሰዎች ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ከተነሱበት ይደርሳሉ። ውኃ ከላይ ወድቆ በቦዩ ሲሄድ ሲሄድ መልሶ እዚያው አናት ላይ ይገኛል። ቦዩን በጣቴ ልከተል ስል ስልኩ ወደ ሌላ ሥዕል ዘለለ።

«አክስቴ፣ በዓይንሽ! በዓይንሽ ብቻ!»

መለሰችልኝ። እያንዳንዱን ማዕዘን ለብቻው መረመርኩት፤ አንዱም አልተሳሳተም። አልሆንም የሚለው ሙሉው ነው። ስሕተትን እንዲህ በጥንቃቄ የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የኛ ሳጥኖች መጡ፤ ያለ ጸጉር፣ በቀለም ብቻ። ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«እነዚህ ወደ ውጭ ናቸው ወደ ውስጥ?»

«ወደ ውጭ ነዋ።»

የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ማዶ ኮረብታ ላይ ያለ ፍየል ትቆጥራለች። ወደ ውጭ ካለች ወደ ውጭ ነው፤ የተገለበጠው በእኔ ዓይን ብቻ ነው።

«ውይ!» አለች። «ቆይ፣ ቆይ... ገቡ! አክስቴ፣ ገቡ እኮ! ኧረ ደግሞ ወጡ።»

«አንቺም ገቡብሽ?»

«ማን የማይገቡበት አለ? ተጽፏል እኮ እዚህ» ብላ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሥዕሉ የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ ስለማይናገር፣ ዓይን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እያለ ይተረጉመዋል ይላል።

ሳቄ መጣና አላቋርጥ አለኝ። ምን እንደሚያስቀኝ ስትጠይቀኝ የእናቴን መንገድ፣ የፈታሁትን ስጋጃ፣ የጠዋት ጠዋቱን ንባብ ሁሉ ነገርኳት። ፊቷን አኮሳተረች።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን? ሐኪም ቤት አጥተሽ ነው?»

«ሐኪም ቤት ከሄድኩ ይነግሩኛላ!»

ልብሱ በሳሙና እንደተዘፈዘፈ ስልኳ ባትሪው እስኪያልቅ ያ ሰው ሠራው የተባለውን ሁሉ አየን። አንዳንዱን ገልብጠን፣ አንዳንዱን ክፍሉ ጥግ ድረስ ርቀን። ከስንት ሳምንት በኋላ ዓይኔን ለመፈተን ሳይሆን ለማየት ብዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስትሄድ ግን በር ላይ ዞር አለች።

«ሳጥኑ ይቅር። የአያቴ ነገር ግን የአያቴ ነው። ሰኞ እወስድሻለሁ።»

ሰኞ ባጃጅ ይዛ መጣች። ዓይን ክሊኒኩ ውስጥ ወጣቱ ባለሙያ ነጠላዬንና የሻከሩ ጣቶቼን አይቶ ይመስለኛል፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሚሆነውን ሰሌዳ ሰቀለ፤ ሹካ የመሰለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጅ የሚያሳዩበትን።

«እናቴ፣ የሹካው ጣቶች ወዴት ናቸው? በእጅዎ ያሳዩኝ።»

«ፊደል ያለውን ብታደርግልኝ» አልኩት።

ይቅርታ ጠይቆ ገለበጠው። በአንዱ ዓይኔ ከላይ ጀምሬ ወረድኩ፣ በሌላውም። የመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ተደናቀፍኩ። ከዚያ ሐኪሟ ዘንድ ገብቼ የእናቴን ነገር ነገርኳትና አገጬን ማሽኑ ላይ አስደገፈችኝ። በየዓይኔ ውስጥ ብርሃን አብርታ ረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ግፊቱንም ለካች። የእህቴ ልጅ በሩ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ደህና ነው» አለች ሐኪሟ። «የእናትሽ ዓይነት ነገር አላየሁም። ለንባብ መነጽር ያስፈልግሻል፣ ይኸ የዕድሜ ነው። በዘር ስላለ ግን በየዓመቱ ታዪ።»

«ይድገሙልኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ከመጀመሪያው።»

ፈገግ ብላ ደገመችልኝ።