የፒኮሎዋ መስመር

አባቴን ድምፅ በማያወጣ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፒያሳ የምሠራበት ወርቅ ቤት ገበያ ቀዝቅዞ ስለነበር ቀደም ብለን ዘጋንና አፍንጮ በር ወዳለው ቤታችን በእግሬ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስክሪኑ ላይ ኖታው ይሄዳል፤ ሰማያዊዋ መስመር ከኖታ ኖታ እየዘለለች ወደ ቀኝ ትጓዛለች። ክፍሉ ግን ጭር ብሏል። የሚሰማው ከመንገድ የሚመጣው የታክሲ ረዳት ጩኸት ብቻ ነው። አባቴ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ራሱን በምቱ ልክ ይነቀንቃል። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

"ክፉ አልሆነም፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ አባዬ፣ ቆንጆ ነው" አልኩት። ጓዳ ገብቼ ውሃ ቀዳሁና ሳልጠጣው ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማርሽ ባንድ ውስጥ የተጫወተ ሰው ነው። መሣሪያው ፒኮሎ ነበረች፤ ከብረት ዋሽንቱ ከፍሉት ያነሰች፣ ድምፅዋ ከባንዱ ሁሉ የቀጠነ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለቀድሞ ባልደረቦቹ ዜማ በየመሣሪያው እየከፋፈለ ኖታ ይጽፍላቸው ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን እስክሪብቶ አልታዘዘው አለ። ያኔ ነው ላፕቶፔ ላይ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ጭኜ ያስተማርኩት። እሱ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ የጻፈውን መልሶ ያጫውትለታል። ያን ሰሞን የአንድ ባልደረባው ልጅ ልታገባ ነበር። ጡረተኞቹ ተሰባስበው ሰርጉ ላይ ሊጫወቱ ተስማሙ፣ ኖታው ለእሱ ተሰጠ።

እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝ። ታላላቆቼ አንቱ ሲሉት እኔ ብቻ አንተ እለዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ "ጆሮህ እንዴት ነው?" ብዬ ልጠይቀው አልደፈርኩም። ጥርጣሬው ግን ከዚያ በፊትም ነበረኝ። አንድ ጠዋት ሽንኩርት ልንገዛ አትክልት ተራ ሄደን፣ ጎመን የጫነ ጋሪ ከኋላችን መጣ። የሚገፋው ሰው "ዘወር! ዘወር በሉ!" እያለ ይጮኻል። አባቴ አልዞረም። ኮቱን ይዤ ባልስበው ኖሮ ጋሪው ይገጨው ነበር። "ሐሳብ ይዞኝ ነው" አለና ሳቀ። ላምነው ስለፈለግኩ አመንኩት።

አሁን ግን ብርጭቆዬን ይዤ ቆሜ ሁለት ነገር አስፈራኝ። ጸጥታውን ከሙዚቃ መለየት አቅቶት ይሆን? ወይስ ምንም እንደማይሰማ ያውቃል፣ ጥፋቱ የጆሮው መስሎታል፣ እኔ እንዳልደነግጥ ደግሞ የሰማ ለመምሰል ይሞክራል? የከፋው ሁለተኛው ነበር። እራት ስንበላ ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁ።

በማግስቱ አባቴ ቅዳሴ ሲሄድ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስፒከሩ ደህና ነው፤ ከሌላ ቦታ ዘፈን ስከፍት ቤቱን ሞላው። ችግሩ ፕሮግራሙ ጋ ነበር። ፕሮግራሙ የሚልከው ሚዲ የሚባለውን ነው። ሚዲ ራሱ ድምፅ የለውም፤ ይህን ኖታ በዚህ ጉልበት ይህን ያህል ጊዜ ተጫወት የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሲንተሳይዘር ነው። በፊት ከዘመድ የተዋስነው የሙዚቃ ኪቦርድ በገመድ ተሰክቶ ነበርና ድምፁን የሚያወጣው እሱ ነበር። ኪቦርዱን ከመለስን ወዲህ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ለሌለ ኪቦርድ ሲልክ ከርሟል። አብሮት የተሠራ የራሱ ሲንተሳይዘር ነበረው፤ ማንም አልመረጠውም እንጂ።

የሚዲ መውጫ ከሚለው ሥር የኪቦርዱን ስም አንስቼ ሲንተሳይዘሩን መረጥኩ። ሳጫውተው ከበሮው ብቻ መታ። ለካ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መውጫ አለው፤ አንድ በአንድ መቀየር ያስፈልጋል። ከበሮው እየመታ ሳለ አባቴ ነጠላውን እንዳጣፋ በሩ ላይ ቆመ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ድምፁ ጠፍቶ ነበር አባዬ። ኪቦርዱን ስንመልስ ነው የጠፋው። ፕሮግራሙ ነው።"

"ፕሮግራሙ ነው?"

"ፕሮግራሙ ነው።"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ።

"እኔ ደግሞ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ፣ ሙዚቃው ብቻ ጥሎኝ ሄደ ብዬ ነበር" አለ። "እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ወፍራም ድምፅ ያለውን ቱባ ወደ ሲንተሳይዘሩ መራሁት።

"መጣ" አለ።

ትሮምቦኑን ጨመርኩ። "መጣ።" ትራምፔቱን ጨመርኩ፣ ክላርኔቱን ጨመርኩ። በእያንዳንዱ ፊቱ እየበራ ሄደ፤ ቆሞ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። የቀረችው ፒኮሎዋ ነበረች። መረጥኩና አጫወትኩት። ከሁሉም በላይ ቀጭን ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። አባቴ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል።

"ፒኮሎዋንስ አትከፍቻትም?" አለኝ።

"እሷ እንቢ ብላኛለች" የሚለው ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልተናገርኩትም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። የፒኮሎዋን ድምፅ ብቻ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። አባቴ አሁንም ይጠብቃል። በዚህ መሐል ጎናችን ሱቅ ያላት ጎረቤታችን በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ እንዴት አረፈዱ? ኧረ አንቺ፣ ምንድነው ይሄ ፉጨት? ጆሮዬን በሳው እኮ!"

አባቴ እሷን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ቀንሺላት" አለ ቀስ ብሎ።

ጎረቤታችን የሁለታችንን ፊት አይታ "ምን አጠፋሁ?" አለችና በሩን መልሳ ሄደች። አባቴ ወደ አልጋው ተመልሶ ተቀመጠ። "ከሁሉ ተመርጣ እሷ?" አለ። "የራሴዋ?" አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ኖታ የሚባል ነገር አይነካም ብዬ ነበር የፈራሁት።

እሱ ግን ወደ ስክሪኑ ቀና አለ። "የእሷን መስመር ሌላ መሣሪያ እንዲጫወተው ማድረግ ይቻላል? ለሰርጉ አይደለም፤ እኔ እንዳርመው ብቻ።"

ይቻል ነበር። ሲንተሳይዘሩ ውስጥ ለፒኮሎዋ መስመር የክላርኔት ድምፅ ሰጠሁትና መስመሩን በሙሉ ወደ ወፍራም ድምፅ አወረድኩት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። መሐል ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ።

"አቁሚ። እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ። ከትራምፔቱ ጋር ትጣላለች።" ስናስተካክለው ድምፁ እንደ ድሮው የተቆጣ አስተማሪ ድምፅ ነበር። "ይሄን ይዤ ብቀርብ ጉድ ሆኜ ነበር!"

በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ቀጭን ድምፅ የሚይዘው የጆሮው ክፍል እንደተጎዳና እንደማይመለስ ነገሩን። ለመስማት የሚያግዝ መሣሪያ ለንግግር ይረዳው ይሆናል፣ ለፒኮሎዋ ግን ተስፋ አልሰጡንም። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እየደጋገምኩ ፊቱን አየሁ።

ልምምዱ እኛ ቤት ሆነ። ከጎረቤት ወንበር ተዋስን። ሽማግሌዎቹ መሣሪያቸውን እየጠራረጉ ሳሉ አባቴ ተነሳ። አለመስማቱን ይደብቃቸዋል ብዬ ስለነበር ደነገጥኩ።

"ፒኮሎዋን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ" አለ። "አልሰማትም። ከተሳሳተች እናንተ ንገሩኝ።"

አንዱ ሳል ሳለ። ከዚያ ቱባ የሚነፋው ወፍራም ሽማግሌ፣ የአራዳ ልጅነቱ አልለቀውምና፣ ከወንበሩ ሳይነሳ "ታድለህ!" አለ። "እኛ ስንት ዘመን ስንሰማት ኖርን!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መጀመሪያ አልሳቅኩም፤ አባቴ ቀልዱን ሰምቶት እንደሆነ ለማየት ዞርኩ። በመሐረብ ዓይኑን እየጠረገ ይስቅ ነበር። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን እጁን አንስቶ ምልክት ሰጣቸውና ጀመሩ። ፒኮሎዋ ስትገባ ወደ እሱ ዞርኩ። አባቴ ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ልኮ የተጫዋቹን ጣቶች ይከተላል። ሰርጉ ላይም እንደዚያው አደረገ፤ ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አንድም መስመር ሳይስት አለቀ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው ከኋላው ቆሜ የኮቴን ቁልፍ ስቆልፍና ስፈታ ነበር።