የግመል ከንፈር ያጣላን ሰሞን

ዜናውን ያመጣብን ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ነው። ከሚሴ ሁለተኛ ደረጃ አብረን የተማርን ሰዎች በስልክ የከፈትነው ግሩፕ ነበረን። ሲከፈት ለሰርግና ለለቅሶ መጠራሪያ ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን የክርክር ሜዳ ሆነ። ባጃጅ ነጂው መናኸሪያ በር ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ስልኩን ሲጎረጉር ስለሚውል፣ በዓለም ላይ የተሰማ ጉድ ሁሉ ከእሱ አያመልጥም። ያን ቀን የለጠፈው ይህ ነበር፦ በአረብ አገር የግመሎች የቁንጅና ውድድር ተካሂዶ፣ ከንፈራቸው እንዲያምር የቁንጅና መርፌ የተወጉ ግመሎች ተነቅቶባቸው ከውድድሩ ተባረሩ።

እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ላይ ስለነበርን ሥራ አልነበረኝም፤ ክርክሩን አንዲት መስመር ሳልዘል ነው የተከታተልኩት።

መጀመሪያ የመለሰው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ይህ ሰው ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ሲወጣ የኖረ፣ ከዚያም የከብት ሕክምና ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ጓደኛችን ነው። አንደኛ የመውጣት አመሉ አብሮት ተመልሷል።

«ውሸት ነው» ብሎ ጻፈ። «ግመል የማክመው እኔ ነኝ። ግመል ከንፈሩን መርፌ ሊወጋ የሚጠጋ ሰው እጁን ይዞ አይመለስም።»

«ዱጋ ነው፣ ወላሂ!» አለ ባጃጅ ነጂው። ሲናደድ ወደ ኦሮምኛው ይሻገራል፤ እውነት ነው ማለቱ ነው።

«ምንጭ?» አለ ሐኪሙ።

«ምንጭ ከፈለግህ ጨፋ ረግረግ ውረድ፣ በየሜዳው ይፈልቃል።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ገባበት። ጨርቅ የምትሸጠዋ የክፍላችን ልጅ፣ «ቆይ፣ ግመል ሲያምር ምኑ ነው የሚያምረው?» ብላ ጠየቀች፤ ይህች ጥያቄ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀች። ሽፋሽፍቱ ያለ አለ፣ አንገቱ ያለ አለ፣ የግመል ቁንጅና ከኋላ ሲታይ ነው ያለም አልጠፋ። ዛሬ ኡስታዝ የሆነው ጓደኛችን፣ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ሐራም መሆኑን ረጋ ብሎ ጻፈ። ወዲያው አንዱ፣ «ኡስታዝ፣ ኃጢአቱ በባለቤቱ ነው በግመሉ?» አለው። «እመለስበታለሁ» አለ፤ ለሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ።

ሐኪሙ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «ስሙኝማ» አለ፣ «ይህ ዜና እውነት ሆኖ ከተገኘ ባቲ ገበያ ወርጄ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ የግመል ከንፈር እስማለሁ።»

ይህን ከጻፈ ሰዓት አልሞላም፣ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው የክፍላችን ልጅ በድምፅ መጣች። «እናንተ ሥራ የላችሁም እንዴ? የምሠራበት ቤት አባወራና ወንድማቸው በዚሁ በግመል ነገር ተኮራርፈው ነው የሰነበቱት!» አለችና፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ የቀረጸችውን ዜና ላከችልን። ግመሎቹ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ዜና አንባቢው በዓረብኛ ይናገራል። የጠፋው ኡስታዝ ብቅ አለና ሰምቶ ተረጎመው፦ «እውነት ነው። ተባረዋል።»

ሐኪሙ ከግሩፑ የሚወጣ መስሎን ነበር። በኋላ ግን ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «ሰኞ፣ ባቲ።»

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን፣ ሐኪሙ፣ ባጃጅ ነጂውና እኔ፣ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ ወረድን። ሐኪሙ ከቢሮው ፈቃድ የጠየቀው «የግል ጉዳይ» ብሎ ነው። ነጭ ጋዋኑን አጥቦና ተኩሶ ለብሶ መጣ። «ምነው ጋዋኑ?» ስለው፣ «ያለ ጋዋን የሰው ግመል አፍ ሥር ብገኝ ምን ብዬ ልመልስ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ገበያው ደርቶ ነበር። ከአፋር ቆላ የወጡ አርቢዎች ግመሎቻቸውን አቁመው፣ ደገኛው እህሉን ዘርግፎ፣ አቧራውና ሙቀቱ አናት ይመታል። ሐኪሙ በግመሎቹ መሃል እየተሽሎከለከለ ከንፈር ይመርጥ ጀመር። አንዱ ቁስል አለበት፣ አንዱ ዐይኑ አያምርም፣ አንዱ ጥርሱን ያሳያል። በመጨረሻ አንዲት ዳለቻ ግመል ፊት ቆመ። ባለቤቷ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ የአፋር ሽማግሌ፣ ተቀምጠው ሲያዩት ቆዩና በጥሩ አማርኛ፣

«ዶክተር፣ ከንፈሯን ምን ሆነች ብለህ ነው?» አሉት።

ሐኪሙ የጋዋኑን ቁልፍ ያስተካክል ጀመር። ባጃጅ ነጂው ግን ሳይተነፍስ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ውድድሩን፣ መርፌውን፣ መባረሩን፣ የሐኪሙን ቃል። እኔ ሽማግሌው በዱላቸው የሚያባርሩን መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ። ሽማግሌው ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በእኛ አልነበረም።

«መርፌ? ለከንፈር?» ብለው ተነሡ። ለጓደኞቻቸው በአፋርኛ ነገሯቸው፤ ጫጫታ ሆነ። ከዚያ የግመላቸውን የታች ከንፈር በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «ና እይ! ይህ መርፌ ይፈልጋል?» አሉት።

ከጎናቸው ያለው ጎልማሳ፣ «የእርስዎዋማ አርጅታለች፣ የኔን ይይ» ብሎ የራሱን ጎትቶ መጣ። ሌላውም ጎተተ። ዐይናችን እያየ በግመል ተከበብን። «ዶክተር ይፍረድ!» የሚል ድምፅ ተነሣ።

ሐኪሙ መጀመሪያ እንቢ አለ። ግን አንደኛ ሲወጣ የኖረ ሰው ፈተና ሲመጣለት ዝም ብሎ አያልፍም። እስክሪብቶውን ከጋዋኑ ኪስ አውጥቶ መዳፉ ላይ ነጥብ መያዝ ጀመረ። ሽፋሽፍት አየ፣ ጆሮ አየ፣ አንገት በስንዝር ለካ። ከዕጣኑ ነጋዴ እስከ ጨው ሻጩ ሥራ ፈትቶ ከበበን። በመጨረሻ እጁን ወደ ሽማግሌው ግመል አነሣ።

«ይህች ናት» አለ።

«ምን ያውቃል እሱ!» አለ ጎልማሳው። «የላም ሐኪም ነው!»

ሐኪሙ በዚህ ክፉኛ አዘነ፤ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ባጃጅ ነጂው ግን ለሐዘን ጊዜ አልሰጠውም፤ «መሳሙስ?» አለው።

«አባቴ፣ ይፍቀዱልኝ፣ ልሳማት» አለ ሐኪሙ።

«ሳማት» አሉ ሽማግሌው። «ግን ከፊት ለፊቷ አትምጣባት፣ በጎን ና።»

ሐኪም ስለሆነ ምክር አልሰማም። ፊት ለፊቷ ቆመ፣ ቢስሚላህ አለ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ከንፈሯን ሳመ። ግመሊቱ ምንም አላለችም። ቀና ብሎ፣ «አያችሁ?» ብሎ ወደ እኛ ሲዞር፣ አፏን ከፈተችና የጠዋቱን ቅጠል በሙሉ ከግንባሩ እስከ ቀበቶው ለቀቀችበት።

እንዲህ ተስቆ አያውቅም። ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተንጠልጥለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ በጀሪካን ውኃ አፈሰሱለት። ተቃዋሚው ጎልማሳ እንኳን ታርቆ የግመል ወተት አጠጣን። እኔ ለግሩፑ ቪዲዮ እንድቀርጽ አደራ ተሰጥቶኝ ነበር። በኋላ ከፍቼ ሳየው ስልኩን ገልብጬ ይዤው ኖሮ፣ የቀረጽኩት የራሴን አፍንጫ ሲስቅ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሐኪሙን መስኮት ሥር አስቀመጡት፤ መስኮቱም ተከፈተ። ከፊቱ የተቀመጡ አንዲት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ምን አግኝቶህ ነው?» አሉት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ከአረብ አገሩ መርፌ ተነሥቶ፣ ሳይሳሳት ነገራቸው።

«ኧረ ወዲያ!» አሉ። «ለግመል የቁንጅና መርፌ! ማን ላይ ነው የምትቀልደው?»

«ወላሂ እውነት ነው፣ እናቴ!» አለ ሐኪሙ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «በቴሌቪዥን ታይቷል!» ኮምቦልቻ እስክንገባ ሲምልላቸው ነበር፤ አላመኑትም።

ከሚሴ ስንደርስ ባጃጅ ነጂው እስከ ቤቱ በነጻ አደረሰው። ሚስቱ በር ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው። ገብታ ሳሙናና ባልዲ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችለትና መልሳ ዘጋችው።