የተሻረ ምስክርነት

የአንድ ሰው ዕድሜ የሚለካው በኖረው ነው ወይስ ሰው በእሱ ላይ በጣለው እምነት? የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነው ዘርዓብሩክ ይህን ማብሰልሰል የጀመረው ፀጉሩ ከሸበተ፣ ካፈረም በኋላ ነው።

ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሕመምተኞች የላቦራቶሪ ውጤታቸውን በስልክ የሚያዩበትን ድረ ገጽ ሠርቶ፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ «ከላይ ከአድራሻው አጠገብ የጓጉንቸር ምልክቷን ካያችሁ አትፍሩ፤ ገጹ የእኛ ለመሆኑ ዋስ አለው» ይል ነበር። ዋሱ ሰርተፊኬት የሚሰጥ የውጭ ድርጅት ነው፤ ድረ ገጽ የሚከፍተው ብሮውዘር ጓጉንቸሯን የሚያሳየው የዋሱን ቃል ተቀብሎ ነው።

የሰርተፊኬቱ ምስጢራዊ ቁልፍ ግን አንዲት ፋይል ናት፤ የያዛት ሁሉ ክሊኒኩን መስሎ መቅረብ ይችላል። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊያዛውራት ፈልጎ፣ ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ብሎ፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ ልማድ በቴሌግራም ለራሱ ሊልካት ሲል የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ለቀቃት። ቶሎ አጠፋት፤ ማን እንዳወረዳት ግን አላወቀም። ለማንም ትንፍሽ ሳይል ሰርተፊኬቱን አስሻረና አዲስ አወጣ። ተሸፈነልኝ አለ በልቡ።

ብዙ ብሮውዘር ሰርተፊኬት መሻሩን አጥብቆ እንደማይጠይቅ ዘነጋ። ዋሱ ዋስትናዬን አንስቻለሁ ይላል፤ አገሩ ግን አልሰማም። አንድ ሌባ በክሊኒኩ ዋይፋይ ላይ፣ በተጣለው ቁልፍ፣ ቁርጥ የእነሱን የመሰለ ገጽ ዘረጋ። ጓጉንቸሯ አልጎደለችም።

ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ የምትሸጠው ፈርዶውሳ የይለፍ ቃሏን እዚያ አስገባች። ሌባው በዚያ ከፍቶ ያወጣው፣ የጉበት ቫይረስ አለብሽ የሚለው ውጤቷ መጋላ ሰፈርን ከስልክ ስልክ ዞረው። ደንበኛ ሸሻት። ትሪዋን እንደያዘች ክሊኒኩ ድረስ መጣች።

«አቦ ዘሩ! ጓጉንቸሯ ነበረች እኮ፣ ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ! አትፍሪ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሳምቡሳውን አንተ ብላዋ!»

አንስቶ በላ። በሽታውን አልፈራም፤ የቆጨው መደበቁ ነበር። ያኔ ቁልፉ እንደወጣ ተናግሮ ቢሆን ሰው በተጠነቀቀ።

ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተር ካሣ ሁሉንም ዘረገፈ። ዶክተሩ ዋይፋዩን አስዘጉና «በቃ፣ እዚሁ ይቀበር» አሉ።

«ዶክተር፣ በስሜ በሩ ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ። ቁልፉን የጣልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የሌላውም ውጤት ወጥቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህ በሽታ ደግሞ በሳምቡሳ እንደማይተላለፍ ሰው ይወቅ።»

«ክሊኒኬን ልታስዘጋ ነው እንዴ? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ!»

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እጁን እያወጣ ያንኑ ማስታወቂያ እንዲለጥፍ ለመነ። ባልደረቦቹ አንገታቸውን ደፉ፤ የፈቀደለትም የለም።